ጡቷ ስለ ደረቀባት አራስና በአንጎል ሥር ስላለችው ታናሽ ዕጢ



በወለጋ አገር፣ ከነቀምቴ ከተማ ጀምሮ እስከ ጊምቢ፣ እስከ ነጆና እስከ ደምቢ ዶሎ ድረስ፣ በአንድ ክርስቲያን ቤት ልጅ በተወለደ ጊዜ ደስታው የዚያ ቤት ብቻ አይደለም፤ የመንደሩ ሁሉ ነው። ገንፎው ይገነፋል፣ ቅቤው ይነጠራል፣ ለአራስ ብርታት ይሰጣል ተብሎ የሚታመንበት አንጮቴ ይቀቀላል፣ ቡናው ይፈላል፤ እናቶችም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያሉ ይገባሉ።

ዳሩ ግን በዚህ ሁሉ ደስታ መካከል አልፎ አልፎ አንድ የተሰወረ ኀዘን ይገባል። አራሷ ገንፎውን በልታለች፣ አጥሚቱንም ጠጥታለች፤ ጡቷ ግን አልሞላም። ሕፃኑ ይጠባል፣ ያለቅሳል፤ ደግሞ ይጠባል፣ ደግሞ ያለቅሳል። ሦስት ቀን፣ ሰባት ቀን ያልፋል፤ ወተቱ አይመጣም። የክርስትናው ቀን ይደርሳል፤ እናቲቱ ግን በቅጡ አልበረታችም። ዓመት ይዞራል፤ የወር አበባዋ አልተመለሰም፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ይበርዳታል፣ እንስራ ማንሣት ያቅታታል። ያን ጊዜ መንደሩ መናገር ይጀምራል። አንዱ «ቡዳ በላት» ይላል፤ ሁለተኛው «ዓይነ ጥላ ነው» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ «ስንፍና ነው እንጂ ልጅ የወለደች እርሷ ብቻ ናት ወይ?» ይላል። ባልም ሁለተኛ ልጅ ባጣ ጊዜ ልቡ መሸፈት ይጀምራል።

ይህን ሁሉ ከተናገሩት ሰዎች መካከል ግን «በወለደች ቀን ምን ያህል ደም ፈሰሳት?» ብሎ የጠየቀ የለም። በዚህ ወር ጽሑፋችን ልናስረዳ የምንወደው ይህ አንድ ጥያቄ ለምን ሊጠየቅ እንደሚገባው ነው። መልሱን ለማግኘት ግን አስቀድመን ፈጣሪ በራስ ቅላችን ውስጥ ሰውሮ ያስቀመጣትን አንዲት ታናሽ ዕጢ ማወቅ ያስፈልገናል።

ከዓይኖቻችን በስተኋላ፣ ከአንጎል በታች፣ በአጥንቱ ውስጥ ኮርቻ የሚመስል ጐድጓዳ ስፍራ አለ። በዚህች ኮርቻ ላይ የሽምብራ ፍሬ የምታህል፣ ክብደቷም ግማሽ ግራም ያህል ብቻ የሆነ ዕጢ ተቀምጣለች፤ ስሟም ፒቱታሪ ይባላል። በሁለተኛው መቶ ዓመት የኖረው የግሪክ ሐኪም ጋሌኖስ የአንጎል አክታ በእርሷ በኩል ወደ አፍንጫ የሚወርድ መስሎት ነበር፤ ስሟም አክታ ከሚለው የላቲን ቃል የወጣው ስለዚህ ነው። እንዲህ በተናቀ ስም የተጠራችው ዕጢ የሰውነት ዕጢዎች አዛዥ መሆኗ የታወቀው ግን ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ነው።

የምታዝዘውም በሆርሞን ነው። ሆርሞን ማለት ከዕጢ ወጥቶ፣ በደም ተጭኖ፣ ሩቅ ወዳለው ሕዋስ የሚሄድ መልእክተኛ ማለት ነው። የዕጢዋ የፊተኛው ክፍል ስድስት ዐበይት መልእክተኞችን ይልካል። አንደኛው በጉሮሮ ፊት ያለውን የታይሮይድ ዕጢ ያዝዛል፤ ታይሮይድም የሰውነትን ሙቀትና ትጋት ይጠብቃል። ሁለተኛው ከኩላሊቶች ራስ ላይ ያሉትን ዕጢዎች ያዝዛል፤ እነርሱም ኮርቲዞል የሚባለውን ሆርሞን አውጥተው ሰው በሕመም፣ በድካምና በረኀብ ጊዜ እንዳይወድቅ ይደግፉታል። ሦስተኛውና አራተኛው የሴትን እንቁል ዕጢ፣ የወንድንም ዘር የሚያዘጋጁ ናቸው፤ የወር አበባም የሚመጣው በእነርሱ ትእዛዝ ነው። አምስተኛው ሕፃንን ያሳድጋል። ስድስተኛው ፕሮላክቲን የሚባለው በእናት ጡት ውስጥ ወተትን ይሠራል። የኋለኛው ክፍል ደግሞ ሁለት መልእክተኞችን ይልካል፤ አንዱ የሽንትን መጠን ይወስናል፣ ሁለተኛው ኦክሲቶሲን የተባለው በምጥ ጊዜ ማሕፀንን ያኮማትራል፣ ሕፃኑም ሲጠባ የተሠራውን ወተት ወደ ጡት ጫፍ ይገፋል።

ይህች አዛዥ መልእክት ልካ ዝም አትልም፤ መልስ ትጠብቃለች። የአገራችንን እንቅርት ምሳሌ አድርገን እንውሰድ። የታይሮይድ ዕጢ ሥራውን ለመሥራት አዮዲን የሚባል ንጥረ ነገር ያስፈልገዋል። በምግብና በጨው ውስጥ አዮዲን ሲጠፋ ታይሮይድ የሚገባውን ሆርሞን መሥራት ያቅተዋል፤ ፒቱታሪም መልሱ እንደ ጐደለ በደሙ ውስጥ ዐውቃ ትእዛዟን ታጠነክራለች። ታይሮይድ በታዘዘ ቁጥር እየሰፋ ይሄዳል እንጂ አዮዲን ከየት ያመጣል? ስለዚህ ያብጣል። በወለጋም ሆነ በሌላው የአገራችን ደጋ በብዙ ሰው አንገት ላይ ሲታይ የኖረው እንቅርት በአብዛኛው ከዚህ የመጣ ነው። በ2003 ዓ.ም. ለምግብ የሚሆን ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲገባበት በመንግሥት ደንብ የታዘዘው ይህን ለመከላከል ነው።

ዕጢዋ ከልክ በላይ ብታዝዝም ጉዳት አለ። ሮበርት ዋድሎ የተባለው አሜሪካዊ የማሳደጊያው ሆርሞን ያለ ልክ ስለ በዛበት ቁመቱ 2 ሜትር ከ72 ሳንቲ ሜትር ደርሶ ነበር፤ ዳሩ ግን ዕድሜው በ22 ዓመት ተቀጨ። እኛ ዛሬ የምንናገረው ግን ስለ ተቃራኒው፣ ይኸውም አዛዥዋ ዝም ስላለችበት ቤት ነው።

ሴት በፀነሰች ጊዜ ፒቱታሪ ለሚመጣው ወተት መሰናዶ ታደርጋለች፤ ከነበረችው መጠን ሲሶ ያህል ወይም ከዚያም በላይ ትጨምራለች። ስትገዝፍ የምትሻው ደም ይበዛል፤ የተቀመጠችበት የአጥንት ኮርቻ ግን አይሰፋላትም። ደግሞም የፊተኛው ክፍሏ ደም የሚያገኘው በአብዛኛው ግፊታቸው ዝቅ ካለ ቀጫጭን ሥሮች ነው። እንግዲህ በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም ፈሶ የእናቲቱ የደም ግፊት በወደቀ ጊዜ፣ ያን ያህል ቀጭን ወደ ሆነው ሥር የሚደርስ ደም ይጠፋል። ውኃ በጐደለ ጊዜ ከመስኖው ሁሉ አስቀድሞ የሚደርቀው በመጨረሻው ጫፍ ያለው ማሳ እንደ ሆነ ሁሉ፣ የዕጢዋም የፊተኛ ክፍል በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በከፊል ወይም በሙሉ ይሞታል። የኋለኛው ክፍል ከደም ቧንቧ በቀጥታ ስለሚጠጣ ብዙውን ጊዜ ይተርፋል።

ይህን ነገር አጥርቶ ያስረዳው በስኮትላንድ አገር በግላስጎ የወላዶች ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ሐኪም ሃሮልድ ሺሃን ነው። በወሊድ ደም ፈሷቸው የሞቱትን እናቶች መርምሮ ያገኘውን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1937 ጻፈ፤ ሕመሙም እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። በበለጸጉት አገሮች ደም ቶሎ ስለሚገታና ስለሚተካ ሕመሙ ዛሬ እምብዛም አይታይም። ሴቶች ከሕክምና ርቀው በሚወልዱበት አገር ግን አሁንም አለ።

ምልክቶቹን የቤት እመቤቶችና አያቶች ልብ ብለው ቢይዙ እንወዳለን። የመጀመሪያው ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ ወተት ፈጽሞ አለመምጣቱ ወይም እጅግ ማነሱ ነው። ሁለተኛው የወር አበባ አለመመለሱ ነው፤ ጡት የምታጠባ እናት ለብዙ ወራት የወር አበባ ላታይ ትችላለች፣ ይህም የተፈጥሮ ሥርዓት ነው፤ ወተት ሳይኖራት የወር አበባም የቀረባት እናት ግን ልትመረመር ይገባታል። ሦስተኛው የብብትና የኀፍረተ ሥጋ ጠጕር መርገፉ ወይም ተላጭቶ አለመብቀሉ ነው፤ ይህን ሴት ለሴት ካልሆነ ለማንም ስለማትናገረው ተሰውሮ ይቀራል። ከዚህም ጋር ድካም፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የፊት መገርጣት፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ከተቀመጡበት ሲነሡ ዓይን መጨለም ይታያል።

ደም የፈሰሳት እናት ሁሉ በዚህ ሕመም ትያዛለች ማለታችን አይደለም፤ ብዙዎቹ በእግዚአብሔር ቸርነት ይድናሉ። ወተትም በሌላ ምክንያት ሊያንስ ይችላል። ነገር ግን ይህ ሕመም ቀስ ብሎ የሚሄድ በመሆኑ ከወሊዱ በኋላ ዐሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ቆይቶ የሚታወቅበት ጊዜ አለ። እናቲቱ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ሰነፍ ስትባል ኖራ፣ አንድ ቀን ወባ ወይም የሳንባ ምች ሲይዛት፣ ጤነኛ ሰው የሚቋቋመውን ትኩሳት መቋቋም አቅቷት በድንገት ትወድቃለች። ኮርቲዞል የሌለው ሰውነት በሕመም ጊዜ ምርኩዝ የለውምና። የደም ግፊቷ ይወርዳል፣ በደሟ ያለው ስኳርና ጨው ይጐድላል፤ ቶሎ ካልተረዳችም ትሞታለች። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይህ ነው።

ሕክምናው ግን አለ፤ ይህን በደስታ እንናገራለን። የሞተችውን ዕጢ ማስነሣት ባይቻልም ያዘዘቻቸው ዕጢዎች ያወጡት የነበረውን ሆርሞን በእንክብል መተካት ይቻላል። በኮርቲዞል ፈንታ ሃይድሮኮርቲዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን፣ በታይሮይድ ሆርሞን ፈንታ ሌቮታይሮክሲን ይሰጣል፤ እንደ ሁኔታዋም ሐኪሙ የሴትነትን ሆርሞን ይጨምርላታል። ቅደም ተከተሉ ግን ሊጠበቅ ይገባል፤ የኮርቲዞሉ ምትክ ሳይጀመር የታይሮይዱ ቢጀመር ሰውነቷ ሊወድቅ ይችላልና። ስለዚህ ከጎረቤት ተውሶ ወይም ከመድኃኒት ቤት በራስ ፈቃድ ገዝቶ መዋጥ ፈጽሞ አይገባም። መድኃኒቱን በሥርዓት የያዘች እናት እንስራዋን ታነሣለች፣ ሙቀቷም ይመለሳል፤ በሐኪም ርዳታ ዳግመኛ የፀነሱም አሉ።

ምርመራው የደም ምርመራ ነው። እናቲቱ አስቀድማ በአቅራቢያዋ ወዳለው ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ ነቀምቴ፣ ወደ ጊምቢ ወይም ወደ ደምቢ ዶሎ ሆስፒታል ትሂድ። ለሐኪሙም «ከወለድሁ ጀምሮ ደከመኝ» ብቻ አትበለው፤ «ስወልድ ብዙ ደም ፈሰሰኝ፣ ከዚያ ወዲህ ወተትም የወር አበባም የለኝም» ትበለው። ይህች አንዲት ዐረፍተ ነገር መንገዱን ታሳጥራለች። ምክንያቱም በዚህ ሕመም ፒቱታሪ ለታይሮይድ የምትልከው ሆርሞን ብቻውን ቢለካ ትክክለኛ ሊመስል ይችላል፤ የታይሮይዱ ሆርሞንና የጧት ኮርቲዞል አብረው መለካት አለባቸው። በአካባቢው የማይሠራ ምርመራ ሲኖር ሐኪሙ ወደ አዲስ አበባ፣ ለምሳሌ ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል፣ ይጽፍላታል።

አሁን ለክርስቲያን ቤተ ሰብ በተለይ ልንናገረው የሚገባን ነገር አለ። ጠበል የእግዚአብሔር ቸርነት የሚገለጥበት ነው፤ መድኃኒትም የእርሱው ፍጥረት ነው። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ባለ መድኃኒትን እንድናከብር ያስተምራል፤ ቅዱስ ሉቃስም ወንጌላዊ ሲሆን ሐኪም ነበረ። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን ጠበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ ማስተማራቸው ይታወሳል። ለዚህም ሕመም ነገሩ ያው ነው፤ እንዲያውም ይበልጥ ይጠነቀቁበታል። የኮርቲዞሉን ምትክ የምትወስድ ሴት ወደ ጠበል ስትሄድ እንክብሏን እቤት ትታ ብትሄድ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሕይወቷ አደጋ ላይ ይወድቃል። ጠበሉን ጠጥታ መድኃኒቷን ትዋጥ፤ አንዱ አንዱን አይከለክለውም።

ስለ ጾምም እንዲሁ ነው። የሐዋርያት ቀኖና ጾምን ሲያዝዝ የሥጋ ደዌ የከለከለውን ሰው ለይቶ ያያል። የጧቱ እንክብል እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሊቆይ አይችልም። ስለዚህ እናቲቱ ለንስሓ አባቷ ሕመሟን ትንገር፤ አባቶችም ጾሟን በሌላ በጎ ሥራ እንድትፈጽም እንዲፈቅዱላት በትሕትና እናሳስባለን። ትኩሳት በያዛት ጊዜ እንክብሉ እንደ ሐኪሟ ትእዛዝ በእጥፍ ይጨመራል እንጂ አይቀነስም፤ የሚያስታውካት ከሆነም ያለ መዘግየት መርፌ ወደምታገኝበት ትወሰድ። ወለጋ የቡና አገር ናትና አንዲት ቃል እንጨምር፦ የታይሮይዱ እንክብል በባዶ ሆድ በውኃ ይዋጣል፤ ቡናና ምግብ ኃይሉን ስለሚቀንሱበት ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ቢቻልም አንድ ሰዓት ይቆዩለት።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ደሙ ሳይፈስ መከላከል ነው። ከወሊድ በኋላ ግማሽ ሊትር ያህል ደም ከፈሰሰ ሐኪሞች አደጋ ይሉታል። ይህን የሚገታው ዋነኛ መድኃኒት ኦክሲቶሲን ነው፤ አንባቢው ስሙን ከላይ አይቶታል። ያችው ዕጢ የምታወጣውን ሆርሞን ቪንሰንት ዱ ቪኞ የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1953 በቤተ ሙከራ ሠርቶ ነበር፤ ዛሬ አዋላጅ ሕፃኑ እንደ ተወለደ 10 ዩኒት በመርፌ ስትሰጥ ማሕፀኑ ይኮማተራል፣ ደሙም ይገታል። እንግዲህ ከዕጢዋ ሥራ የተገኘው መድኃኒት ዕጢዋን ራሷን ከሞት ያድናል ማለት ነው። ነገር ግን ይህ መርፌ በማቀዝቀዣ የሚቀመጥና በባለሙያ እጅ የሚሰጥ ስለ ሆነ፣ በቤት ውስጥ ከልምድ አዋላጅ ዘንድ አይገኝም።

በ2008 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት በጤና ድርጅት የተወለዱት ከ100 ሕፃናት 26ቱ ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም. ወደ 48 ደረሱ። መሻሻሉ የሚያስደስት ነው፤ ሆኖም ግማሽ ያህሉ እናቶች ያን ጊዜም በቤታቸው ይወልዱ ነበር። በወለጋ ደግሞ ባለፉት ዓመታት በነበረው ግጭት መንገድ እየተዘጋ፣ ጤና ጣቢያዎችም እየተጎዱ፣ የብዙ እናቶች ችግር እንደ ጠነከረ የማያውቅ የለም። ስለዚህ ቤቷ ሩቅ የሆነች ነፍሰ ጡር ምጧ ሳይጀምር አስቀድማ በጤና ጣቢያው አጠገብ ወዳለው የእናቶች ማቆያ ብትገባ መልካም ነው። በድንገት በቤቷ የወለደች እንደ ሆነ ጨርቁ በደም እየራሰ ሲሄድ «ይቆማል» እያሉ አይጠብቁ፤ ሕፃኑን ጡት ያስይዙት፣ አምቡላንስ ይጥሩ፣ አምቡላንስ ከሌለ በቃሬዛ ተሸክመው ይውጡ።

ወንዶችም «ይህ የሴቶች ነገር ነው» ብለው አይለፉት። በነቀምቴ የደም ባንክ አለ፤ ዕድሜው ከ18 እስከ 65 ዓመት፣ ክብደቱም ከ45 ኪሎ ግራም ያላነሰ ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ ደም ሊሰጥ ይችላል። የማኅበርተኞች ጽዋ በሚጠጣበት ወር አባላቱ አብረው ሄደው ደም ቢለግሱ፣ ስሟን ለማያውቋት አንዲት አራስ ሕይወቷን፣ ልጇንና ወተቷን ሰጡ ማለት ነው።

በወንጌል ዐሥራ ሁለት ዓመት ደም ሲፈሳት የኖረችውን ሴት ሁላችን እናስታውሳለን። ጌታችን ሕዝቡ በሚጋፋበት መካከል ቆሞ ስለ እርሷ ጠየቀ፤ ያመነችውንም በሰው ፊት ልጄ ብሎ አከበራት። እኛም በጎረቤታችን የደከመችና የገረጣች እናት ስናይ ስም አናውጣባት፤ አጠገቧ ተቀምጠን «እኅቴ፣ በወለድሽ ቀን ብዙ ደም ፈሶሽ ነበር ወይ?» ብለን እንጠይቃት። መልሷ «አዎን» ቢሆን እጇን ይዘን ወደ ሐኪም እናድርሳት።

እግዚአብሔር እናቶቻችንን በሰላም ያዋልድልን፤ ሕፃናቱንም በእናታቸው ጡት ያሳድግልን። አሜን።